ማይግሬን ነው ተባልኩ፤ ግን የትኛው ዓይነት?

ጸጥታ ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ራሴን ሲያመኝ ከረመና በቅርቡ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። «ማይግሬን ነው» ተባልኩ፣ መድኃኒት ተጻፈልኝ፣ ወጣሁ። ቢያንስ ስሙን አወቅሁት ብዬ ቀለል ብሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ማንበብ ስጀምር ግን ኦራ የሚሉት ቅድመ ምልክት ያለው አለ፣ ኦራ የሌለው አለ፣ የሚያዞር አለ፣ ግማሽ አካልን የሚያዝል አለ፣ የሆድ ማይግሬን ሳይቀር አለ ይላል። የእኔ የትኛው እንደሆነ የነገረኝ የለም።

እኔን እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ራስ ምታቱ ከመነሳቱ በፊት ከማየው ነገር መሃል ላይ አንድ ትንሽ ቦታ ይጠፋል። የማነበው ቃል ግማሹ አይታየኝም። ቀስ እያለ ያ የጠፋው ቦታ ዙሪያውን እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ የሚያብረቀርቅ መስመር ያወጣል፣ እየሰፋ እየሰፋ ወደ ዳር ይሄድና ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ በአንድ ጎን ይወቅረኝ ይጀምራል፣ ያጥወለውለኛል፣ ብርሃን ማየት አልችልም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳላይ ዝም ብሎ ይነሳል። ሁለት በሽታ ነው ያለብኝ? ደግሞስ ዓይነቱን ማወቅ ምን ይፈይድልኛል? እህታችሁን እስቲ ምከሩኝ።

ቀጥ በል፦
ማይግሬን ማይግሬን ነው። ሲጀምርሽ ማስታገሻ ዋጪ፣ መጋረጃውን ዝጊና ተኚ፣ ያልፋል። ዓይነት መቁጠር ጭንቀት ከመጨመር በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ተረኛ ሐኪም፦
ቀጥ በል፣ በዚህ አልስማማም ወንድሜ። ሥራዬ ሕክምና ነው፣ ራስ ምታት ያለባቸውን ሰዎች ሁልጊዜ አያለሁ። ዓይነቱን የምንለየው ስም ለመስጠት ብለን አይደለም። ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ለሌላው የማይፈቀድበት ጊዜ ስላለ ነው።

እህቴ፣ ሁለት በሽታ የለብሽም። አንድ ሰው ኦራ ያለውም የሌለውም ማይግሬን ሊነሳበት ይችላል፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው። ሐኪሞች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ የራስ ምታት ምደባ አለ፣ ሦስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የወጣው። በዚያ መሠረት ኦራ የሌለው ማይግሬን ለመባል ሕመሙ ቢያንስ 5 ጊዜ ተነስቶ መሆን አለበት። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ከአራት ነገሮች ሁለቱን ማሟላት ይበቃዋል፦ በአንድ ጎን መሆን፣ እንደ ልብ ትርታ መውቀር፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆን፣ ስንራመድ ወይም ደረጃ ስንወጣ መባስ። በዚያ ላይ ወይ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ ይኖራል፣ ወይ ደግሞ ብርሃንና ድምፅ ሁለቱም ይረብሻሉ። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ጎን የሚያመው ሰው ማይግሬን የለበትም ማለት አይደለም። ከአራቱ ሌሎቹን ሁለት ካሟላ ማይግሬን ነው።

ኦራ ላለው ደግሞ 2 ጊዜ መነሳቱ በቂ ነው። አንቺ የጻፍሽው የዓይን ኦራ ነው፣ ከሁሉም የተለመደው እሱ ነው። ማይግሬን ካለባቸው ሰዎች ከሦስት ወይም ከአራት አንዱ ገደማ ኦራ አለበት፣ ከእነዚህም ከ90 በመቶ በላይ በሆኑት በዓይን በኩል ይመጣል። ሌሎቹን እጃቸውን ይነዝራቸዋል፣ መንዘሩ ከጣት ተነስቶ ወደ ክንድ፣ አንዳንዴም ወደ ከንፈርና ምላስ ይሄዳል። ቃል የሚጠፋባቸውም አሉ። አንዱ ምልክት በአብዛኛው ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይና ይለቃል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ይሄ ከሁሉም ይቀድማል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ትወስጃለሽ? ኢስትሮጅን ያለበት ነው?

ጸጥታ ፈላጊ፦
አዎ እወስዳለሁ ዶክተር። ፓኮውን አሁን አየሁት፣ ሁለቱም ሆርሞን አለበት፣ ኢስትሮጅንም ፕሮጄስቲንም። ምነው? ማንም አልጠየቀኝም። እንክብሉን የሰጠችኝ ባለሙያ ራስ ምታት አለሽ ወይ ብላኝ ነበር፣ አልፎ አልፎ አልኳት፣ በዚያው አለቀ። ስለምታየኝ ብልጭታ ደግሞ ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ የዓይን ድካም ይመስለኝ ነበር።

ተረኛ ሐኪም፦
አትደንግጪ፣ ግን ቀጠሮሽን አትጠብቂ። ነገ ደውይና «ኦራ ያለው ማይግሬን አለብኝ፣ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል እየወሰድኩ ነው» ብለሽ በዚሁ ቃል ንገሪያቸው። ኦራ ያለው ማይግሬን በራሱ የስትሮክን ዕድል ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ኢስትሮጅን ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይጨምራል፣ ሲጋራ ካለ ይብሳል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ኦራ ላላቸው ሴቶች ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ በ4ኛው ምድብ ያስቀመጠው፣ ትርጉሙም አይሰጥ ማለት ነው። ወጣትና ጤነኛ በሆነች ሴት ላይ አደጋው በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ሌሊት እንቅልፍሽን አትጪ። ሌላ አማራጭ እያለ ግን ማንም ያንን አደጋ መሸከም የለበትም። ፕሮጄስቲን ብቻ ያለበት እንክብል አለ፣ በክንድ የሚቀበር አለ፣ በማህፀን የሚቀመጥ አለ። ቀይሪ እንጂ ያለ መከላከያ አትቅሪ።

ለዚህም ነው ራስ ምታት አለሽ ወይ የሚለው ጥያቄ ብቻውን የማይበቃው። ከሕመሙ በፊት የምታዪው ነገር አለ ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የመጻሕፍት ሰው፦
ስለ ኦራው አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳነበው በጣም ስለገረመኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ካርል ላሽሊ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ የራሱን ኦራ እያየ በወረቀት ላይ ይስለው ነበር። የጠፋው ቦታ በየደቂቃው ምን ያህል እንደሰፋ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ አንጎል ውስጥ የዓይን ምስል የሚደርስበትን ክፍል ስፋት አሰላና አንድ ነገር በደቂቃ 3 ሚሊሜትር ገደማ እየተጓዘበት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ ብራዚላዊው አሪስቲደስ ሌአው በጥንቸል አንጎል ላይ ሲሠራ፣ በአንጎል ገጽ ላይ ቀስ ብሎ የሚስፋፋ ማዕበል አገኘ። ማዕበሉ ባለፈበት ቦታ ሴሎቹ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላሉ። ፍጥነቱም ላሽሊ ካሰላው ጋር ተቀራራቢ ነበር።

ጸጥታ ፈላጊ ያየሽው የሚሰፋ መስመር እንግዲህ ይኸው ማዕበል ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። ችግሩ ዓይንሽ ላይ አይደለም። ሲጀምርሽ አንድ በአንድ ዓይንሽን ሸፍነሽ ሞክሪው፣ በሁለቱም ዓይን ይታይሻል።

ተረኛ ሐኪም፦
የመጻሕፍት ሰው ያለው የመሸፈን ሙከራ ለእኛም ይጠቅመናል። በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ሌላው ሲከፈት ምንም ችግር ከሌለ፣ የሬቲና ማይግሬን የሚባል አለ። እሱ ግን እምብዛም አያጋጥምም። የአንድ ዓይን እይታ ድንገት የጠፋበት ሰው የደም ሥር ችግር አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ማይግሬን ነው ብሎ መቀመጥ የለበትም፣ በዚያው ቀን ይታይ።

የግራ ጎን፦
ግማሽ አካል ስለሚያዝለው ያነሳችሁት እኔ ላይ ያለ ነው። መጀመሪያ ዓይኔ ይበላሻል። ቀጥሎ የግራ እጄ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ወደ ክንዴ ይወጣል፣ ከዚያ ክንዴ አልነሳ ይለኛል። ብርጭቆ ልይዝ ስል ያመልጠኛል። አፌ ይተሳሰራል፣ የምናገረው ለሌላ ሰው አይገባውም። አባቴም እንዲሁ ያደርገው ነበር፣ በዘር የሚሄድ አለ።

መጀመሪያ ያደረገኝ ቀን ስትሮክ ነው ተብሎ ነው የተያዝኩት፣ ልክ ነበሩ፣ እንደዚያ ነው መያዝ ያለበት። ምርመራው ሁሉ ተሠርቶ፣ የቤተሰቤ ታሪክ ተጠይቆ፣ በኋላ ነው ሄሚፕሌጂክ ማይግሬን መሆኑ የታወቀው። ለዚህ ዓይነት ትሪፕታን የሚባሉት መድኃኒቶች አይታዘዙም፣ መመሪያቸው ላይ ራሱ ተጽፏል። ቀጥ በል፣ ለዚህ ነው ዓይነቱ የሚያስፈልገው። ጎረቤቴን ያዳነው ሱማትሪፕታን ለእኔ የተከለከለ ነው።

ተረኛ ሐኪም፦
ትክክል ነህ። ድሮ ባዚላር ይባል የነበረው፣ አሁን የአንጎል ግንድ ኦራ ያለው የሚባለውም ትሪፕታን የተከለከለበት ነው። እሱ ላይ አካል አይዝልም። ዥው ማለት፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የጆሮ መጮህ፣ አፍ መተሳሰር፣ ሚዛን መሳት ነው ያለው፣ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ሁለቱም ብርቅ ናቸው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይሰመርበት። ከዚህ በፊት ያልነበረበት ሰው ግማሽ አካሉ ከዛለ ወይም አፉ ከተተሳሰረ «ማይግሬን ይሆናል» ብሎ ቤት አይተኛም። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ምድር ትዞራለች፦
እኔ ራሴን ሳያመኝ ነው ማይግሬን የተባልኩት፣ ማንም አያምነኝም። አልጋ ላይ ሆኜ ክፍሉ ይዞራል። አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ሆዴ ይገለበጣል። ሱቅ ውስጥ በመደርደሪያዎች መሃል ስሄድ መሬቱ ከእግሬ ሥር የሚሸሽ ይመስለኛል። ጆሮ ነው ተብዬ ብዙ ተመላለስኩ፣ የጆሮዬ ምርመራ ሁሌም ደህና ነው። በመጨረሻ አንድ የነርቭ ሐኪም «ሲያዞርሽ ብርሃን ይረብሽሻል? ድምፅስ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ሁለቱም። ወጣት ሳለሁ ደግሞ ግማሽ ራሴን ይፈልጠኝ ነበር። ቬስቲቡላር ማይግሬን ነው አለኝ።

ተረኛ ሐኪም፦
እናምንሻለን። ማዞሩ ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ ራስ ምታቱ ሊቀር ይችላል። ሐኪሙ ካዞረሽ ጊዜያት ቢያንስ በግማሹ አብሮ የሚመጣ የማይግሬን ምልክት ይፈልጋል፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ ኦራ፣ ወይም ራሱ ሕመሙ። መስማትሽ እየቀነሰ ከመጣ ግን ንገሪያቸው፣ ያኔ ሜኒየር የሚባለው የጆሮ በሽታም ይታሰባል።

የልጆች እናት፦
ልጄን ስለሚያመው ልጠይቅ። እምብርቱ አካባቢ ሆዱን ይይዛል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ምግብ ማየት አይፈልግም፣ ያስመልሰዋል። በማግስቱ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይሮጣል። አስተማሪው ትምህርት ለመቅረት ብሎ ነው አለኝ። እኔ ግን የልጄን የገረጣ ፊት አውቀዋለሁ። እኔም ማይግሬን አለብኝ።

ተረኛ ሐኪም፦
የሚገረጣ ልጅ እያስመሰለ አይደለም። የሆድ ማይግሬን የሚባለው የልጆች ነው፣ ከ2 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፣ በመካከል ልጁ ፍጹም ጤነኛ ነው። ቤተሰብ ውስጥ ማይግሬን መኖሩም ጥርጣሬውን ያጠነክረዋል። ብዙዎቹ ሲያድጉ የራስ ምታቱ ማይግሬን ይመጣባቸዋል። ግን በስልክና በጽሑፍ የሚወሰን አይደለም፣ የሕፃናት ሐኪም ሌላ የሆድ ችግር አለመኖሩን መጀመሪያ ያረጋግጥ። ክብደት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ካለው፣ ሰገራው ላይ ደም ካየሽ፣ ወይም ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ አትቆዪ።

ማስታገሻ በቃኝ፦
ቀጥ በል «ማስታገሻ ዋጪ» ስላለው ነገር ልናገር። የእኔ መጀመሪያ አልፎ አልፎ የሚነሳ ነበር። ቀስ በቀስ በሳምንት፣ ከዚያ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሆነ። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ጀምሮ ራሴን ይጨመድደኛል፣ ክኒን ስውጥ ትንሽ ፋታ ይሰጠኛል፣ ማታ ተመልሶ ይመጣል። ሐኪሟ ስንት ቀን ነው ማስታገሻ የምትወስደው ብላ ስትጠይቀኝ የማልወስድበትን ቀን መቁጠር ይቀላል አልኳት። መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታቱን እያቆየው ነው አለችኝ። ይሄን ማንም ሲያወራው አልሰማም፣ ስለዚህ እዚህ ይጻፍ ብዬ ነው።

ተረኛ ሐኪም፦
ስለጻፍከው አመሰግናለሁ፣ በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቁጥሮቹን ያዙ። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉትን ለብቻቸው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታንን፣ ኤርጎታሚንን፣ ኮዴይን ያለበትን ወይም የተቀላቀለ ማስታገሻን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ የወሰደ የማይግሬን ሰው ራስ ምታቱ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው ክኒኑ አይደለም፣ የተወሰደበት ቀን ነው።

ሥር የሰደደ ማይግሬን የሚባለው ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል። እሱ ማለት ከ3 ወር በላይ፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስ የሚያምበት፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ቀን የማይግሬን መልክ ያለው ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ሕመሙ ሲነሳ ብቻ መዋጥ አያዋጣውም፣ እንዳይነሳ የሚከላከል መድኃኒት ያስፈልገዋል። ፕሮፕራኖሎል፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ቶፒራሜት አሉ፣ የቦቱሊነም መርፌ አለ፣ ሲጂአርፒ የሚባለውን የሕመም መልእክተኛ የሚያግዱ አዳዲሶችም አሉ። የትኛው ለማን እንደሚሆን ሐኪም ይወስን። አስም ላለበት ፕሮፕራኖሎል አይሆንም፣ ለእርጉዝ ቶፒራሜት አይሰጥም። ደግሞ ማስታገሻውን ስታቆሙ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብሳሉ፣ ያንን አስቀድማችሁ እወቁት። ኮዴይን ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ያለበትን በራሳችሁ ድንገት አታቁሙ።

የወር ወር፦
እኔ ከወር አበባዬ ጋር ብቻ ነው የሚነሳብኝ። ይሄስ ዓይነት ነው?

ተረኛ ሐኪም፦
ነው። የወር አበባ ከመጀመሩ 2 ቀን በፊት አንስቶ እስከ 3ኛው ቀን ድረስ ከሆነና ከሦስት ዑደት ቢያንስ በሁለቱ ከተደገመ። ኢስትሮጅን ሲወርድ ነው የሚቀሰቀሰው። ቀኑ ስለሚታወቅ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚወሰድ መከላከያ አለ፣ ዑደትሽ ካልተዛባ ይሄን ጠይቂ።

ቀጥ በል፦
እሺ፣ ዶክተር፣ የእኔን ልጠይቅ። እኔ ሳይነስ ነው የምለው። ግንባሬንና ከዓይኔ በላይ ይጫነኛል፣ አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ዓይኔ ያለቅሳል። ሥራ መሥራት አልችልም፣ ያጥወለውለኛል። አንቲባዮቲክ ወስጄ ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላ ይለቀኛል።

ተረኛ ሐኪም፦
ወንድሜ፣ ትኩሳት አለህ? ከአፍንጫህ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ነገር ይወጣል? ማሽተት ያቅትሃል? እነዚህ ከሌሉ፣ ማጥወልወልና ብርሃን መጥላት ካለ፣ ማይግሬን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ማይግሬን ላይ የሚነቃው የፊት ነርቭ አፍንጫንና ዓይንን ስለሚነካ መዘጋትም ማልቀስም ያመጣል። ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ማይግሬን በራሱ የሚለቅበት ጊዜ ነው፣ አንቲባዮቲኩ ምንም ላይሠራ ይችላል።

ቀጥ በል፦
ትኩሳት የለኝም። የሚወጣም የለም፣ ዝግት ብቻ ነው። እናቴም ራሷን ሻሽ አስራ ትተኛ ነበር። እሺ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ። ሌሊት በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ዓይኑን የሚወጋው ጓደኛ ደግሞ አለኝ፣ መቀመጥ አይችልም፣ ክፍሉን ሲዞር ያድራል። እሱም ማይግሬን ነው?

ተረኛ ሐኪም፦
የጻፍከው ክላስተር ራስ ምታት ይመስላል፣ ከማይግሬን የተለየ ነው። የማይግሬን ሰው መንቀሳቀስ አይፈልግም፣ ክላስተር ያለበት ደግሞ መቀመጥ አይችልም። ከ15 እስከ 180 ደቂቃ ይቆያል፣ በዚያው ጎን ያለው ዓይን ይቀላል፣ ያለቅሳል። በመሣሪያ የሚሰጥ ብዙ መጠን ያለው ኦክስጅን በደንብ ይረዳዋል። ወደ ነርቭ ሐኪም ውሰደው፣ አይቆይ፣ ሕመሙ እጅግ ከባድ ነው።

ጸጥታ ፈላጊ፦
ዛሬ ደወልኩ። ዶክተሩ እንዳሉኝ በዚያው ቃል ነገርኳቸው፣ ወዲያው ነይ አሉኝ፣ እንክብሉም ተቀየረልኝ። ስለ ኦራው ለሐኪሟ ስነግራት በወረቀት ላይ ሳዪልኝ አለችኝ፣ ሳልኩላት። ፋይሌ ላይ «ኦራ ያለው» ተብሎ ተጻፈ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ጽፌ ልሂድ?

የግራ ጎን፦
እኔ የምይዘው ይሄን ነው። የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ ቀድሞ የመጣው ምልክት፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ምን እንደወሰድኩ፣ የወሰድኩት ከጀመረኝ ስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ። ከዋዜማው ያለውንም ጻፊ። እኔን ከአንድ ቀን በፊት ያዛጋኛል፣ አንገቴ ይገትረኛል፣ ጣፋጭ ያምረኛል። ካለቀ በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ድክም ይለኛል፣ ሐሳቤን መሰብሰብ ያቅተኛል። እሱም የሕመሙ ክፍል ነው ብሎኛል ሐኪሜ።

አዲስ ገብ፦
ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አባቴ 60 ዓመት አልፎታል። ባለፈው ሳምንት የመጋዝ ጥርሱን የመሰለ ነገር አየሁ አለኝ፣ ራሱን ግን ምንም አላመመውም። ድሮ ማይግሬን አልነበረበትም። ምን ላድርግ?

ተረኛ ሐኪም፦
ራስ ምታት የማይከተለው ኦራ አለ፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይበዛል። አባትህ ላይ ግን ያ ነው ብለን አንጀምርም። ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ከሆነ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ጊዜያዊ መቋረጥ አለመሆኑ መጣራት አለበት። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው፣ የደም ግፊቱ፣ ስኳሩና የልብ ምቱ ይታይ። በቅጽበት ነው የመጣው ወይስ ቀስ እያለ ነው የሰፋው ብለህ ጠይቀውና መልሱን ይዘህ ሂድ። ከመሄዳችሁ በፊት ፊቱ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ ወይም አነጋገሩ ከተለወጠ፣ ወይም ድንገት በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ከባድ ራስ ምታት ከያዘው፣ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ አምቡላንስ ጥራ።

አዲስ ገብ፦
ጠየቅሁት፣ ቀስ እያለ ነው የሰፋው አለኝ፣ ሀያ ደቂቃ ገደማ። አሁን እየወጣን ነው።